ከዘይት ቅያሪ በኋላ የሞተር ዘይት ሲበዛ ምን ይደረግ?

ዘይት ተቀይሮ መኪናው ከጋራዥ ወይም ከላቫጆ ከወጣ በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ሲያዩት ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ብዙ አልፎ ካገኙት፣ ሞተሩን አያስነሱ። ትርፍ ዘይት ጉዳት የሚያደርሰው ሞተሩ ሲዞር ነው። በቆመ ሞተር ውስጥ ሌሊቱን ቢያድርም ምንም አያደርግም። ስለዚህ ጊዜ አለዎት፤ ምን ያህል እንደበዛ ተረጋግተው ለክተው፣ ትርፉን ቀንሰው፣ ከዚያ መንዳት ይችላሉ። መጎተቻ መኪና መጥራትም ሆነ አዲሱን ዘይት በሙሉ ደፍቶ እንደገና መግዛት አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

አገራችን ውስጥ ይህ ችግር በብዛት የሚፈጠረው በጋሎኑ ምክንያት ነው። ዘይት በአብዛኛው የሚሸጠው ባለ 4 ሊትር ተደርጎ ነው፤ የሚነዱት መኪኖች ሞተር ግን ብዙዎቹ 4 ሊትር አይዙም። ባለቤቱ ለጋሎኑ ሙሉ ዋጋ ስለከፈለ «ሁሉንም ጨምረው» ይላል፣ ሠራተኛውም ለራሱ አስቀረ ተብሎ እንዳይጠረጠር ጋሎኑን ገልብጦ ያንጠፈጥፋል። በ1ኬአር-ኤፍኢ ሞተር የሚሄደው ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ ከነፊልትሮው የሚፈልገው ወደ 3.1 ሊትር ነው። ሙሉ ጋሎን ሲገባበት 0.9 ሊትር ይተርፋል፤ ይህም ሞተሩ ከሚይዘው ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ ነው። 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ያላቸው ባለ 1,500 ሲሲ ቪትዝና ያሪስ፣ እንዲሁም 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ያላቸው ብዙ ኮሮላዎች 3.7 ሊትር ይይዛሉ፤ እነሱ ላይ ትርፉ 0.3 ሊትር ይሆናል። 2ዜድአር-ኤፍኢ ያለው ኮሮላ ደግሞ 4.2 ሊትር ስለሚፈልግ ጋሎኑ እንዲያውም አይበቃውም። አንድ ዓይነት ጋሎን ለሁሉም ሊሆን እንደማይችል ከዚህ ማየት ይቻላል።

ሌላው ምክንያት አሮጌው ዘይት ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ አዲሱ መግባቱ ነው። መኪናው ተዳፋት ላይ ቆሞ ወይም በአንድ በኩል ብቻ በክሪክ ተነስቶ ከተፈሰሰ፣ አለዚያም ሞተሩ ቀዝቅዞ ዘይቱ ወፍሮ እያለ ማፍሰሻው ቶሎ ከተዘጋ፣ ግማሽ ሊትር አሮጌ ዘይት በቀላሉ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ይቀራል።

መጀመሪያ በትክክል ይለኩ

«ዘይት በዛ» ተብሎ ከሚመጣው ውስጥ ቀላል የማይባለው የአለካክ ስሕተት ነው። ለጥ ያለ ቦታ ይፈልጉ። መኪናው ካዘነበለ ዘይቱ ኮፓው ውስጥ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ዘንጉ ያለበት ጎን ዝቅ ካለ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይሆናል። ቦታው ለጥ ማለቱን ከተጠራጠሩ መኪናውን በእጅ ገፍተው ፊቱን አዙረው እዚያው ላይ እንደገና ይለኩ። ሁለቱ ንባቦች ከተለያዩ ጥፋቱ የመሬቱ ነው።

ዘንጉን መዘው በንጹሕ ሶፍት ይጥረጉ፣ እስከ መጨረሻው መልሰው ይክተቱ፣ ቀጥ አድርገው ያውጡና ሁለቱንም ገጽ ይመልከቱ። ዘንጉ በቱቦው ውስጥ ሲወጣ አንዱ ገጽ የቱቦውን ግድግዳ ነክቶ ዘይት ስለሚቀባ፣ ትክክለኛው ንባብ ዝቅ ብሎ የሚታየው ነው። አዲስ ዘይት ማር መስሎ ጥርት ስለሚል ወሰኑ በዓይን አይለይም፤ ዘንጉን ነጭ ሶፍት ላይ ጋደም አድርገው ቢጫኑት እርጥበቱ የት እንደሚያበቃ በግልጽ ያሳያል። ይህን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ተመሳሳይ ንባብ ካገኙ ይመኑት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ፊልትሮው ተቀይሮ ሞተሩ ገና ካልተነሳ አዲሱ ፊልትሮ ባዶ ነው፤ ዘይቱ በሙሉ ኮፓ ውስጥ ስላለ ንባቡ ከፍ ይላል። ሞተሩ ተነስቶ ፊልትሮው ሲሞላ ከ0.2 እስከ 0.3 ሊትር ከኮፓው ይቀንሳል። ስለዚህ ንባቡ ከላይኛው ምልክት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ከፍ ያለ ከሆነ ሞተሩን ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ያለ ነዳጅ ጫና አስነስተው፣ አጥፍተው፣ 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ጠብቀው እንደገና ይለኩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ እዚህ ላይ ያበቃል። ንባቡ ከምልክቱ አንድ ጣት ያህል ካለፈ ግን ለመለካት ብለው እንኳ አያስነሱ።

ምን ያህል ነው የበዛው?

በብዙ ትንንሽ መኪኖች ከታችኛው እስከ ላይኛው ምልክት ያለው ልዩነት ወደ 1 ሊትር ይሆናል፤ በአንዳንዶቹ እስከ 1.5 ሊትር ይደርሳል። የመኪናዎ መጽሐፍ ይህን ይነግርዎታል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። ርቀቱ 20 ሚሊሜትር ቢሆንና 1 ሊትር ቢወክል፣ እያንዳንዱ ሚሊሜትር 50 ሚሊ ሊትር ነው። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት 6 ሚሊሜትር ካለፈ ትርፉ 300 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው ማለት ነው። 18 ሚሊሜትር ካለፈ ደግሞ 900። ኮፓው ወደ ላይ ሲሄድ እየሰፋ ስለሚመጣ ስሌቱ ግምት ነው፤ ለመነሻ ግን ይበቃል።

በእኛ ግምገማ፣ በቤንዚን ሞተር እስከ 150 ሚሊ ሊትር ያለው ትርፍ ሰው ሊጨነቅበት የሚገባ አይደለም። ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ከሆነ ቀስ ብሎ እስከ ቤት ወይም እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል፤ ነገር ግን በዚያው ቀን መቀነስ አለበት፣ ወደ ክፍለ ሀገር ረጅም መንገድም አይወጣበትም። ከግማሽ ሊትር በላይ ከሆነ ባለበት ይቁም። ለናፍጣ ሞተር ከዚህም ጠበቅ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ኋላ እንደርስበታለን።

ይህን ያህል የምንጠነቀቀው በአንድ ምክንያት ነው። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) የሚሽከረከረው ከኮፓው ዘይት በላይ ባለ ክፍት ቦታ ላይ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ክራንክ ሻፍቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ይዞራል። ዘይቱ ከፍ ብሎ ከደረሰበት እንደ እንቁላል ይመታውና አረፋ ያደርገዋል። የዘይት ፓምፑ አረፋ ሲስብ ግማሹ አየር ነው፤ አየር ደግሞ እንደ ዘይት ብረትን ከብረት ለያይቶ ሊያቆም አይችልም። ብሮንዚናው (ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበት መቀመጫ) የሚበላው ዘይት ጎድሎ ሳይሆን ዘይት በዝቶ ነው ማለት ለሰሚው ግራ ያጋባል፣ ሆኖም የሚሆነው በትክክል ይኸው ነው። ከዚህ በተጨማሪ የሚረጨው ዘይት በሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ በኩል ወደ አየር መግቢያው ተስቦ ይቃጠላል፤ ሰማያዊ ጭስ፣ በዘይት የራሰ ካንዴላ፣ ውሎ አድሮም የተበላሸ የጭስ ማጣሪያ ያስከትላል። ያረጀ ፓራኦሊዮም (ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽገው ቀለበት) ካለ መፍሰስ ይጀምራል።

ከመቀነስዎ በፊት፦ የተፈሰሰው የትኛው ዘይት ነው?

ይህን ክፍል እባክዎ አይዝለሉት። ንባቡ በጣም ከፍ ካለ፣ በተለይም ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት «ተቀየረ» ከተባለ በኋላ አሁንም ጥቁር ከሆነ፣ የሞተሩ አሮጌ ዘይት ጭራሽ አልወጣም ማለት ሊሆን ይችላል። ከመኪናው ሥር ሁለት ማፍሰሻ ቡሎኖች አሉ፤ አንዱ የሞተር፣ ሌላው የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ)። አውቶማቲክ መኪና ላይ የካምቢዮው ማፍሰሻ በስሕተት ተከፍቶ የካምቢዮ ዘይት ይፈስና፣ አዲሱ የሞተር ዘይት በአሮጌው ላይ ይጨመራል። ውጤቱ እጥፍ ዘይት ያለው ሞተርና ደረቅ ካምቢዮ ነው። ደረቅ ካምቢዮ ይዞ መንዳት ከዘይት መብዛቱ የከፋ ወጪ ያመጣል።

ይህን ማጣራት ቀላል ነው። የተፈሰሰው ዘይት ያለበትን ዕቃ ያሳዩኝ ብለው ይጠይቁ። የሞተር አሮጌ ዘይት ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ የቶዮታ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ደግሞ ብዙውን ጊዜ መልኩ ወደ ቀይ ያደላል። ማርሽ ሲያስገቡ መኪናው ከዘገየ፣ ከተንሸራተተ ወይም ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ወዲያው ያጥፉትና የካምቢዮው ዘይት እስኪታይ ድረስ አያንቀሳቅሱት።

ዘይቱ ከቅያሪ ሳምንታት በኋላ በራሱ ጊዜ ከፍ እያለ ከመጣም ጉዳዩ ሌላ ነው። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ነዳጅ እየገባበት ነው። መልኩ ማኪያቶ ከመሰለ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ ምናልባትም የቴስታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። በእነዚህ ጊዜ ትርፉን መቀነስ መፍትሔ አይሆንም። መካኒክ ምንጩን መፈለግ አለበት።

ከላይ መቅዳት

ትርፉ ከአንድ ሊትር በታች ከሆነ ከሁሉ የምንመርጠው ይህን ነው፤ ክሪክ አይፈልግም፣ ከመኪና ሥር አያስገባም፣ ቡሎንም አይነካም። የሚያስፈልገው ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅና አንድ የጉሉኮስ ቱቦ ነው። መርፌውንና የሚያንጠባጥበውን ክፍል ቆርጠው ይጣሉ፤ የሚፈለገው ለስላሳው ቱቦ ብቻ ነው።

ሞተሩ ለብ ያለ ቢሆን ዘይቱ ቶሎ ይሳባል፤ በጣም የጋለ ከሆነ ግን ቱቦው ይልመጠመጣል፣ እጅም ያቃጥላል። ከተነዳ መኪና ላይ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የመለኪያውን ዘንግ አውጥተው ከቱቦው ጎን ያስተካክሉና የዘንጉን ርዝመት ያህል ላይ ፕላስተር ይለጥፉበት፤ ቱቦውን ሲያስገቡ የት መቆም እንዳለብዎ ያውቃሉ። ከዚያ በላይ ቢገፉት ኮፓው ውስጥ ተጠምዝዞ ጫፉ ከዘይቱ ወጥቶ አየር ብቻ ይስባል። ቱቦውን በመለኪያው ቀዳዳ ያስገቡ፣ ሲሪንጁን ይግጠሙ፣ ቀስ ብለው ይሳቡ። ዘይት ወፍራም ስለሆነ ሲሪንጁ ወዲያው አይሞላም፤ ስበው ይዘው ጥቂት ይጠብቁት። አየር ብቻ ከመጣ ቱቦውን አንድ ሁለት ሴንቲሜትር መለስ ያድርጉት።

እየቆጠሩ ይሥሩ። አምስት ሙሉ ሲሪንጅ 300 ሚሊ ሊትር ነው፣ አሥራ አምስት ደግሞ 900። ካሰቡት ሁለት ሦስተኛውን ሲያወጡ ቆም ብለው 5 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ፣ ከዚያ ቀሪውን በአንድ በአንድ ሲሪንጅ ይቀንሱ። በአፍ መሳብ ፈጽሞ አይሞከርም፤ ዘይት ወደ ሳንባ ከገባ ሐኪም ቤት ያደርሳል።

ሲሪንጁም ዕቃውም ንጹሕና ደረቅ ከነበሩ፣ አሮጌው ዘይትም በሚገባ ከወጣ በኋላ የገባ ከሆነ፣ የቀዱት ገና ያልተሠራበት ዘይት ነው። በደረቅ ሃይላንድ ውስጥ አድርገው ክዳኑን ገጥመው የዘይቱን ዓይነት ላዩ ላይ ጽፈው ያስቀምጡት፤ ሲጎድል ይጨመራል። የውሃ ጠብታ ግን እንዳይቀርበት።

በአንዳንድ ሞተሮች የመለኪያው ቱቦ ጠማማ ስለሆነ ወይም መጨረሻው ላይ ከልካይ ስላለው የጉሉኮሱ ቱቦ አያልፍም። ሲከለክል አይታገሉት፤ ተቆርጦ ውስጥ ቢቀር ኮፓ የሚያስወርድ ሥራ ይሆናል።

ከታች ማፍሰስ

ትርፉ ብዙ ከሆነ ወይም ከላይ አልሆን ካለ፣ ከማፍሰሻው ቡሎን ይቀነሳል። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ማንም አይግባ። በማቆሚያ ካልተደገፈ፣ ጎማዎቹም ድንጋይ ካልተደረገባቸው ሥራው ይቅር፤ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ወይም ላቫጆ ይሻላል።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ቡሎኑን ፈትቶ ማውጣት ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲወጣ አንድ ሊትር ለመገመት በማያመች ፍጥነት ይወርዳል፣ እጅ ላይ እየፈሰሰም መልሶ መግጠም ያስቸግራል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ በ14 ቁጥር ቁልፍ ላላ ያድርጉት፣ ከዚያ በጣት ወደ ላይ ገፋ አድርገው እየያዙ ጥቂት ይፍቱት፤ ዘይቱ በጥርሱ ዙሪያ በቀጭኑ ይወርዳል። ከሥር ግማሽ ሊትርና 1 ሊትር ላይ ምልክት ያደረጉበት ንጹሕ ዕቃ ያስቀምጡ። የሚፈልጉት ሲደርስ ያጥብቁት። ከሚፈለገው ጥቂት ቢበልጥ አይጨነቁ፤ ከላይ መልሶ ማስተካከል ከታች ደጋግሞ ከመፍታት ይቀላል።

ሮንዴላው ከተጨፈለቀ አዲስ ይግዙ። የማጥበቂያው ልክ በ1ኤንዜድና በ1ዜድዜድ ሞተሮች ላይ ወደ 38 ኒውተን ሜትር ነው፤ በአጭር ቁልፍ በአንድ እጅ ጠንከር ተደርጎ እንደሚጠብቀው ያህል። ቁልፉን በቱቦ አስረዝሞ ማጥበቅ ጥርሱን ይበላዋል፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ የሚያንጠባጥብ ኮፓ ይዘው ይቀራሉ።

ትርፉ 0.3 ሊትር አካባቢ ከሆነ ሦስተኛ መንገድም አለ። ፊልትሮውን ፈትተው ውስጡ ያለውን ዘይት ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ይገልብጡና ባዶውን ፊልትሮ ቦታው ላይ መልሰው ይግጠሙት፤ ፊልትሮው የያዘው ይህንኑ ያህል ነው። የጎማ ቀለበቱ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን ይዩ፣ ዘይት ይቀቡት፣ ቀለበቱ ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ያጥብቁ።

ከዚያ በኋላ

ሞተሩን ሲያስነሱ የዘይት መብራቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መጥፋት አለበት። 2 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይሥራ፣ ከሥር የሚንጠባጠብ መኖሩን ይመልከቱ፣ አጥፍተው 5 ደቂቃ ጠብቀው ይለኩ። ንባቡ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ወይም ላይኛው ምልክት ላይ ከሆነ ተሳክቷል። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ይድገሙት።

ሳያውቁ ብዙ ነድተውበት ከሆነ ዘንጉ ላይ አረፋ ወይም ጥቃቅን ነጠብጣብ አየር ይኖራል። ሞተሩን አጥፍተው አንድ ሰዓት ያህል ያቁሙት፤ አረፋው ሲከስም የዘይቱ ትክክለኛ ልክ ይታያል። የአየር ፊልትሮውን ቤት ከፍተው ዘይት ገብቶበት እንደሆነ ይዩ፤ ፊልትሮው ከራሰ ይቀየራል፣ ቤቱ ይጠረጋል። ሰማያዊው ጭስ መስመሩ ላይ የቀረው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጥቂት ሊቆይ ይችላል። ሞተሩ መተኮስ ከጀመረ ካንዴላዎቹን አውጥተው ያጽዱ። ዘይቱ ከተስተካከለ በኋላ ግን ከሥር የሚያንኳኳ ድምፅ ከተሰማ ወይም የዘይት መብራቱ ከበራ ያጥፉትና ይጎተት፤ ያ ብሮንዚና ሊሆን ይችላል።

የናፍጣ ሞተር ለምን ይፈራል

ዶልፊን፣ አባዱላ፣ አይሱዙና ሌሎች ናፍጣ መኪኖች ላይ የሚቀጣጠለው በእሳት ብልጭታ ሳይሆን በታመቀ አየር ሙቀት ነው። ትርፉ ዘይት በመተንፈሻው በኩል በብዛት ወደ አየር መግቢያው ከገባ ሞተሩ የራሱን ዘይት እንደ ነዳጅ ሊያቃጥል ይችላል። ያን ጊዜ ዙሩ በራሱ ይወጣል፣ ከኋላ ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ይተፋል፣ ቁልፍ ቢያጠፉትም አይጠፋም፤ ናፍጣውን ቢዘጉትም የሚቃጠለው ዘይት ነውና።

ማኑዋል መኪና ከሆነ የእግር ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ይርገጡ፣ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ከፍተኛውን ማርሽ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን በአንድ ጊዜ ይልቀቁት፤ ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል። አውቶማቲክ ከሆነ ያለው መንገድ የአየር መግቢያውን በጠንካራ ጠፍጣፋ ነገር፣ ለምሳሌ በወፍራም ጣውላ መድፈን ወይም በካርቦን ዳይኦክሳይድ የእሳት ማጥፊያ ወደ ውስጡ መርጨት ነው። በእጅ ወይም በጨርቅ አይሞከርም፤ ስቦ ያስገባዋል። ካልተቻለ ተሳፋሪውን አውርደው ይራቁ። የናፍጣ ሞተር ዘይት ከምልክቱ ካለፈ ሳይቀነስ አይነዳ የምንለው ለዚህ ነው።

በሚቀጥለው ቅያሪ

መኪናውን ሲሰጡ የሞተሩን ልክ በቁጥር ይንገሩ፦ «3.1 ሊትር ነው፣ መጀመሪያ ሁለት ተኩል ጨምርና እንለካ»። ከዚያ በኋላ በየ200 ሚሊ ሊትሩ እየተጨመረ፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ ተነስቶ ፊልትሮው ከሞላ በኋላ እየተለካ ይጠናቀቅ። ብዙዎቹ የዘይት ጋሎኖች ጎናቸው ላይ የሊትር ምልክት ያለው ግልጽ መስመር አላቸው፤ ብርሃን ላይ ሲያዩት የቀረው ይታያል። ባለ 1,000 ሲሲው ቪትዝ 0.9 ሊትር፣ ባለ 1,500ው 0.3 ሊትር ጋሎኑ ውስጥ መቅረት አለበት። የቀረው የከፈሉበት ስለሆነ ክዳኑን ገጥመው ይዘውት ይሂዱ። የተፈሰሰውን አሮጌ ዘይት ደግሞ ጋራዡ በርሜል ውስጥ ይጨምረው፤ ቦይ ውስጥ እንዳይደፋ።